በሳጥኑ አልፏል የተባለው መልእክት

ታምፔሬ፣ ፊንላንድ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ወልደ ማርያም
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ፀሐይ ከጠፋች ሁለት ሳምንት ሆናት፤ የድሬን ሙቀት አማርርበት የነበረው አፌ ተዘግቷል።

ስልክ ላይ ጆሮዎ እንደማይሰማልዎ እማዬ ስለነገረችኝ ነው የምጽፍልዎ። ደብዳቤውን ለፋራህ ፎቶ ኮፒ ቤት በቴሌግራም እልካለሁ፤ አትሞ ያደርስልዎታል። የእርስዎንም መልስ እሱ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፤ ተነጋግረናል።

እማዬ የእኔን ሥራ «ኮምፒውተር ነው» ብላ እንደምትጨርሰው አውቃለሁ። ለእርስዎ ግን ልንገርዎ፤ ሙያዎ ነውና። ስምንት አገሮች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ምርምር ያስጠናሉ። የተለያየ አገር ምድር ጦር አንድ ግዳጅ ላይ ሲሰለፍ፣ የአንዱ ሬዲዮ ከሌላው ሬዲዮ ጋር እንዴት ይገናኝ ነው ጥያቄው። የእኔ ክፍል የሚሠራው የማይግባቡ ሬዲዮዎችን በሚያገናኝ ሳጥን ላይ ነው። ገንዘቡ በሰኔ ያልቃል። ለሚቀጥለው አራት ዓመት ይሰጥ አይሰጥ ለመወሰን ኮሚቴው በመጋቢት ይቀመጣል። አንድ ነገር ጠይቀውናል፤ «ይህ ሳጥን በእውነተኛ ግዳጅ ላይ ሠርቶ ያውቃል ወይ?»

የድሮ የሙከራ ሪፖርቶችን ስበረብር አንዲት ገጽ አገኘሁ። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው የካቲት 19 ቀን 2005 ነው። የሰላም ማስከበር ግዳጅ፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ፤ ከኢትዮጵያ ኮንቮይ ወደ ጅቡቲ ጦር ኬላ፤ «እኛ ነን፣ እንዳትተኩሱ»፤ መልእክቱ በሳጥኑ አልፏል። የመገናኛ ኃላፊ፣ ሃምሳ አለቃ ሰይፈ ሚካኤል!

ጋሼ፣ ቢሮ ውስጥ ጮህኩ። ፈረንጆቹ የሞተብኝ ሰው ያለ መስሏቸው ተሰበሰቡ። የእኔው ጋሼ ናቸው አልኳቸው። እባክዎ የዚያን ቀን የሆነውን በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ። ሁለት ገጽ ይበቃኛል።

እጅዎን ስሜ እሰናበታለሁ።
እፀገነት

*

ሳቢያን፣ ድሬዳዋ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጥሩወርቅ ልጅ ለእፀገነት

በብርድም በጨለማም የሚጠብቅሽ አምላክ ይጠብቅሽ። እናትሽ ደህና ናት። ትናንት የባጃጁን ልጅ በዋጋ ተጣልታ ከግማሽ መንገድ ወርዳ በእግሯ ገባች፤ ስለዚህ ጤናዋ አያሳስብሽ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ፋራህ አትሞ ሲያመጣ ራሱ አንብቦት ኖሮ «ጋሼ፣ ለካ እንዲህ ኖት?» አለኝ። አቦ፣ የሰው ደብዳቤ አይነበብም አልኩት።

ስለጠየቅሽኝ ነገር፦ የድሮ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ለአንድ የሬዲዮ መልእክት ብዙ ነው። ያ ወረቀት በእነማን እጅ ይገኛል? አብሮኝ ማን እንደነበረስ ተጽፏል?

ሐኪሙ ግፊትህን በየቀኑ ለካ ብሎኛል። በክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ እዚያ ጥሩው አለ ይላሉ። ሰው ካገኘሽ ላኪልኝ።

መቶ አለቃ ሰይፈ ሚካኤል ወልደ ማርያም (ጡረታ)

*

ታምፔሬ
ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ከእነ ሙሉ ጤናዎ ይቆዩልኝ።

መለኪያውን ለበዓል ወደ ድሬ በምትመጣ ልጅ ልኬዋለሁ፤ ሃሌሉያ ትባላለች፤ ከዚራ ሰፈር እናቷ ቤት ታርፋለች። ከመለካትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ጀበና ሙሉ ቡና ጠጥተው ለክተው «ማሽኑ ውሸታም ነው» እንዳይሉኝ።

ወረቀቱ በስምንቱም አገሮች ኮሚቴ እጅ አለ። ከእርስዎ ሌላ የተጻፈ የኢትዮጵያዊ ስም የለም። በጣም ወደውታል። አሁን የሚቀረኝ ሦስት ነገር ነው፦ ሳጥኑን ማን ከፈተው? ከጅቡቲ በኩል የተቀበለው ሬዲዮ ምን ዓይነት ነበር? መልሳቸውስ በምን መጣ? ሰውን የሚያሳምነው እንዲህ ያለው ዝርዝር ነው።

ረቂቁን በጥር መጨረሻ አስገባለሁ። እየጠበቅሁ ነው።
እፀገነት

*

ሳቢያን
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእፀገነት

በሰላም ቆዪ። መለኪያው ደርሶኛል፤ ተባረኪ። አሥራ ሰባት በአሥር ይላል። ጥምቀት እንደነገሩ አለፈ።

በምትጽፊው ወረቀት ላይ ስሜን አታስገቢ። ያንን ገጽም ብትተይው ጥሩ ነው። ሌላ ማስረጃ ፈልጊ።

መቶ አለቃ ሰይፈ ሚካኤል

*

ታምፔሬ
የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ሰላምታዬን ያቀረብኩ ይሁን፤ ዛሬ ብዙ መመረቅ አልቻልኩም።

ሌላ ማስረጃ የለም። ሳጥኑ በተሞከረባቸው ግዳጆች ሁሉ ሠራ የተባለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በእርስዎ እጅ። ሥራዬ ከዚህ ገንዘብ ጋር የታሰረ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ደግሞ ከሥራዬ ጋር። ይህን የምነግርዎ ላስጨንቅዎ አይደለም፤ ጉዳዩ ቀልድ እንዳይመስልዎ ነው።

እማዬን ጠየቅኋት። ለዚያ መልእክት የተሰጠዎት የምስክር ወረቀት ዛሬም ሳሎንዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል አለችኝ። ለእንግዳ ሁሉ የሚታይ ነገር ለእኔ ሲሆን ለምን ይደበቃል? አስቀይሜዎ ከሆነ ይንገሩኝ። ካልሆነም ምክንያቱን ይንገሩኝ። የሁለት መስመር ደብዳቤ ግን አይላኩልኝ፤ ልጅዎ ነኝ።

እፀገነት

*

ሳቢያን፣ ድሬዳዋ
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት

ከዚህ ደብዳቤ በኋላም ጋሼ ብለሽ ብትጠሪኝ እግዚአብሔር ያክብርሽ፤ ባትጠሪኝም አልቀየምሽም። ይህን ለፋራህ አልሰጥም። ወደ አዲስ አበባ ለምትሄድ ሰው አሽጌ ሰጥቻለሁ፤ እዚያ ፖስታ ቤት ታስገባዋለች።

ሳጥኑ አልሠራም።

የሆነው እንዲህ ነው። አሥራ አንድ መኪና፣ አርባ ሦስት ሰው ይዘን እንጓዛለን። የምንሄድበት ድልድይ ፈርሶ ስለነበር መንገድ ቀየርን። አዲሱ መንገድ የጅቡቲዎቹ ኬላ ጠላት ይመጣብናል ብሎ የሚጠብቅበት ነው። ከመሸ በኋላ በዚያ ለሚመጣ መኪና ትእዛዛቸው መተኮስ ነበር። የእኛ ሬዲዮ ከእነሱ ጋር አይገናኝም። ለዚህ ተብሎ ነው ሳጥኑ ከአንድ ፈረንጅ ባለሙያ ጋር የተሰጠን። ፈረንጁ ገመድ ነቀለ፣ ሰካ፣ እንደገና ነቀለ። ፀሐይ ጠለቀች። ሳጥኑ አረንጓዴ መብራት ያበራል እንጂ አንዲት ቃል አያሳልፍም።

አጠገቤ አስር አለቃ ዋበሪ ዒጋል ነበር። የድሬ ልጅ ነው፤ ሁርሶ ማሠልጠኛ ሬዲዮ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አያቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ግማሹ ቤተሰብ ድሬ፣ ግማሹ ጅቡቲ ቀርቷል። የአጎቱ ልጅ አብዲቃድር እዚያ ኬላ ላይ ወታደር ነበር። ዋበሪ ከኪሱ ስልክ አወጣ፣ ደወለ፣ በሶማልኛ ተጯጯሁ። «አብዲቃድር፣ እኔ ነኝ፣ እንዳትተኩሱ!» አለው። የኬላው አለቃ ስልኩን ከአብዲቃድር ተቀበለ። በመብራት ሦስት ጊዜ ምልክት ሰጡን። አለፍን። ሳጥኑን እነሱ ዓይናቸውም አላየው።

አሁን ስልኩን ልንገርሽ። በግዳጅ ላይ የግል ስልክ ክልክል ነው። ጠዋት ጠዋት የምሰበስበው እኔ ነበርኩ። የዋበሪ ሚስት ፋዱሞ በዚያ ሰሞን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር። ጄኔሬተሩ ተበላሽቶ ሦስት ቀን ማንም ስልክ ቻርጅ አላደረገም፤ የእሱ አንዲት ሰረዝ ባትሪ ቀርታው አጥፍቶ ይዟታል። «ሃምሳ አለቃ፣ ማታ ለፋዱሞ ብቻ ልደውል፣ ወላሂ» አለኝ። አዘንኩለትና አለፍኩት። ያቺን ባትሪ ነው ለእኛ የጨረሳት። ልጅቷ የተወለደችው በዚያው ቀን ነው። ሂንዳ ትባላለች፤ ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመቷ። መወለዷን የሰማው በዘጠነኛው ቀን ነው።

ኬላውን ስናልፍ ፈረንጁ «መልእክቱ ደረሰ?» አለኝ። ደረሰ አልኩ። ሳጥኑን መታ መታ አድርጎ ሳቀ፤ እኔም ዝም አልኩ። ማታ መዝገቡን ስሞላ «በሳጥኑ» ብዬ ጻፍኩ። «በስልክ» ብል፣ ስልኩን ማን ፈቀደ ሊባል ነው። ፈራሁ።

በሦስተኛው ቀን ፍተሻ መጣ፤ ስልኩ ተገኘ። ዋበሪ «በዚህ ነው ኮንቮዩን ያዳንኩት» አለ። መርማሪው እኔን ጠርቶ «እውነት ነው?» አለኝ። ዋበሪ እያየኝ፣ «መልእክቱ ያለፈው በሳጥኑ ነው» አልኩ። ውሸታምም ተባለ፣ ደንብ ተላላፊም ተባለ፤ በመጥፎ ማሰናበቻ ተሸኘ። እኔ ግን የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ በእሱ የመኮንንነት ኮርስ ገባሁ። ሃምሳ አለቃ የነበርኩት መቶ አለቃ ሆንኩ።

ሳሎን የተሰቀለውን ዛሬ ጠዋት አውርጄዋለሁ። የግድግዳው ቀለም በቦታው አዲስ ሆኖ ቀርቷል፤ እናትሽ ምነው ብላ ጠይቃኛለች።

ሰይፈ ሚካኤል

*

ታምፔሬ
መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ግፊትዎን ይለካሉ?

መልሴ ዘገየ፤ ይቅርታ። ደብዳቤዎን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ብዙ ቀን ዞርኩ። ተናድጄብዎታለሁ። አንድ ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ስድብ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። እንደዚያም ሆኖ አሁንም ጋሼ ነዎት፤ ሌላ መጠሪያ የለኝም።

ሁለት ምርጫ ነበረኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። እርስዎ አይናገሩም፣ ፈረንጁ ጡረታ ወጥቷል፣ ገንዘቡ ይለቀቃል። እውነቴን ነው፣ አስቤበታለሁ። ግን ሳጥኑ ለሌላ ኮንቮይ ይሰጣል። እዚያ ኮንቮይ ላይ ደግሞ ከማዶ የአጎት ልጅ ያለው ሰው ላይገኝ ይችላል።

ኮሚቴው ፊት ቆሜ ገጹን ከማስረጃዬ ውስጥ አወጣሁት። ስምዎን ሳልጠራ፣ «የመገናኛ ኃላፊው ራሱ ሳጥኑ አልሠራም ብሎ ጽፎልኛል፤ ሁለቱን ጦር ያገናኙት ሁለት የአጎት ልጆች ናቸው» አልኳቸው። የአንዱ አገር ሰው ብዕሩን ወርውሮ ወጣ። ለሳጥኑ የተጠየቀው ገንዘብ እንደገና እስኪፈተሽ ቆሟል። የእኔ ውል በሰኔ ያበቃል።

አንዲት ኮሎኔል ግን መጨረሻ ላይ እጇን አወጣች። «ስልኩን የደወለው ሰው አሁን የት ነው?» አለችኝ። ጋሼ፣ አላውቅም አልኩ። አፈርኩ። የሬዲዮውን ዓይነት እንኳ ስጠይቅዎ ነበር፤ ስለ ሰውየው አንድም ነገር አልጠየቅሁም።

የሰውየውን ቃል ከነስሙ ሪፖርቱ ውስጥ ማስገባት ይፈልጋሉ። ፈቃዱን ይጠይቁልኝ።

እፀገነት

*

ሳቢያን
ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእፀገነት፣ ከእኔ የተሻልሽ ልጅ

እግዚአብሔር ያበርታሽ። በእኔ ምክንያት ሥራሽ ስለተነካ አዝናለሁ። ይህንን ከማለት ሌላ የማውቀው የለኝም።

ዋበሪ መልካ ጀብዱ ነው። የት እንዳለ ሁልጊዜም አውቅ ነበር። ሚኒባስ ላይ ሁለት ጊዜ አጋጥሞኝ ሁለቱንም ጊዜ ቀድሜ ወርጃለሁ። ማክሰኞ ሄድኩ። አይሱዙ ላይ ሽንኩርት ይጭናል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ለጥበቃ ሥራ ሲያመለክት ማሰናበቻህን አምጣ ይሉታል፤ ማሰናበቻውን ሲያዩ ይመልሱታል።

አየኝ፤ ጆንያውን ጭኖ እስኪጨርስ ግን ሥራውን አላቆመም። ሲጨርስ «ሃምሳ አለቃ» አለኝ። መቶ አለቃ መሆኔን ድሬ ሁሉ ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። አላረምኩትም።

ስለ አንቺ፣ ስለ ስምንቱ አገር፣ ስለ ኮሎኔሏ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣

«ፈረንጆቹ ይቆዩ» አለኝ። «እነሱ መቼ ከሰሱኝ? የከሰስከኝ አንተ፣ ያባረረኝ የእኛው ጦር ቢሮ። መጀመሪያ ለእነሱ ጻፍ፤ ፈርም፣ ማኅተም አስመታ። ከዚያ ፈረንጆቹ የፈለጉትን ይጻፉ፤ ፈቅጃለሁ።»

እሺ አልኩ።

«አልጨረስኩም። ከማስገባትህ በፊት ቤቴ መጥተህ ለፋዱሞ ታነብላታለህ። እኔ ስነግራት ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ? ሰይፈ ሚካኤል ሳሎን ውስጥ ወረቀት አለ፤ የመንግሥት ወረቀት ይዋሻል? ትለኛለች። ወልጄ እንኳን አልደወልክም፣ ለዚያ ነው ታሪክ የፈጠርከው ትለኛለች። በተጣላን ቁጥር ይህችው ነገር ናት የምትነሳው።»

ለቢሮው የምጽፈውን ረቂቅ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ጡረታዬን ሊነኩት ይችላሉ፤ ማዕረጌንም። እፈራለሁ፣ አልዋሽሽም። አንብቢና ጉድለት ካለው ንገሪኝ። ሌላ ምንም አትላኪልኝ።

ሰይፈ ሚካኤል

*

ታምፔሬ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ልብዎን ያጽናልዎ።

ረቂቁን አነበብኩት። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመኪናው ብዛት ሁሉ ልክ ነው። አንድ መስመር ብቻ ይለወጥ። «በመዝገቡ አሞላል ላይ ስህተት ተፈጥሯል» ብለዋል። ማን ፈጠረው? ቢሮው ይህን ሲያነብ የጸሐፊ ስህተት ነው ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ለእኔ በደብዳቤ የጻፉልኝ ይሻላል፤ እዚያ «ፈራሁ» ብለዋል፤ እዚህም «ፈራሁ፣ ዋሸሁ» ይበሉ። ፋዱሞም የምትሰማው ያንን ነው።

ለእኔ አያስቡ። እንደ ዋበሪ ጦርን ከጦር የሚያገናኙ ሰዎችን ነገር እንዳጠና ውሌን እስከ መስከረም አራዝመውልኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ያኔ እናየዋለን። ለእማዬ ግን እስካሁን አልነገርኳትም፤ አደራ።

እፀገነት

*

መልካ ጀብዱ እና ሳቢያን
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት

ሰላምሽ ይብዛ። እንዳልሽው መስመሩን ለወጥኩ። አምስት ጊዜ ገለበጥኩት፤ «ዋሸሁ» የምትለውን ቃል አራት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኳት።

ቅዳሜ ዋበሪ ቤት ሄድኩ። ፋዱሞ ወንበር ሰጠችኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ፤ ለምን እንደመጣሁ ዋበሪ አልነገራትም ነበር። ሂንዳ የትምህርት ቤት ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች። ዋበሪ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ፤ እንደ መዝገብ፣ ቀስ ብዬ። ስለ ባትሪዋ፣ ለቤቱ ብሎ እንዳስቀመጣት፣ ለእኛ እንዳጠፋት ሁሉ አለበት። «መርማሪው ሲጠይቀኝ ፈራሁ፣ ዋሸሁ። አስር አለቃ ዋበሪ ዒጋል እውነቱን ተናግሯል» ብዬ ጨረስኩ።

ከዚያ ሂንዳ፣

«ጋሼ፣ ታዲያ አባቴ ምን አጠፋ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

ፋዱሞ የሻሿን ጫፍ በእጇ ይዛ ቁጭ ብላ ነበር። ይህች ሴት ትሰድበኛለች፣ ውጣ ትለኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። እኔን ዞር ብላም አላየችኝ። ተነስታ ባሏ ፊት ቆመች። የእኔ ሶማልኛ የገበያ ነው፤ የተናገረችውን ግን ሰማሁ። «ኢ ዓፊ» አለችው፤ ይቅር በለኝ ማለት ነው።

እፀ፣ ወረቀቴን አገላብጬ አየሁት። ቀኑ አለ፣ ፊርማው አለ፣ ዋሸሁ የሚለውም አለ። ይቺ ቃል የለችበትም። አምስት ጊዜ ገልብጬ አልጻፍኳትም። ምንም ያላጠፋችው ሴት ቀደመችኝ። ከወንበሩ ተነስቼ እዚያው ቆሜ ለሦስቱም ይቅር በሉኝ አልኩ፤ እንባዬም መጣ። ዋበሪ «ተቀመጥ፣ ውኃህን ጠጣ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሰኞ ቃሏን ከላይ ጨምሬ አስገባሁት። የገቢ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ ለዋበሪ ሰጥቻለሁ፤ ሌላውን ለአንቺ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ደብዳቤውን ፋራህ ነው የሚልከው፤ ቢያነበውም ያንብበው። ለኮሎኔሏ ሰውየው መልካ ጀብዱ ነው በያት። ስሙንም ሳታሳጥሪ ሙሉውን ጻፊላት፦ ዋበሪ ዒጋል።

የአገርሽ አምላክ ከፊትሽ ይቅደም።

ሃምሳ አለቃ ሰይፈ ሚካኤል ወልደ ማርያም